የሰኮና ቃል

በኅዳር፣ ዮክሞክ ላይ፣ ፀሐይ ስትሰስት፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ ሲመሽበት፣
ወንበር እደረድራለሁ በማዘጋጃ ቤት።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ በር መክፈት፣ በር መዝጋት፣
የፕሮጀክተር ሽቦ ማገናኘት፣ መፍታት።
ተናግሬ አላውቅም። የዛሬው ግን ይነገር።

የማዕድን ኩባንያው ጠበቃ ተነሥቶ
ካርታውን ዘረጋ፣ ጠረጴዛ ሞልቶ።
ነጭ ካርታ ነበር።
እርሳሱን አሳርፎ፣ «ይኸ» አለ፣ «ባዶ ነው፤
ቤት አልተሠራበት፣ ሰውም አልሰፈረው፤
አጋዘን ካለፈበት ሃያ ዓመት አለፈው።»

ከፊት ወንበር ጋይሳ፣ ሰባ ስምንት ዘመኗ፣
ጓንቷን አወለቀች፣ አኖረች ከጭኗ፤
አንድ ቃል አልወጣት።

እኔ ባደግሁበት «በሚስትና በርስት
ቀልድ የለም» ይባላል፤ ወንዶች ናቸው የሚሉት።
እዚህ ግን ርስቱን ቆመው የሚሟገቱት
የሳሚ ሴቶች ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ አክስት፤
የወሰን ድንጋዩን በምስል ሊተክሉት።

ልጇ ሪስተን ናት ፊልሙን ያነሣችው፣
ሁለት የበረዶ ወራት ተራራ የወጣችው።
ባትሪው በብርድ ሲሞት ከብብቷ ከታ፣
እንደ ጫጩት ታሞቀው ነበር ተኮራምታ፤
ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ቀና ትላለች፣
ከቀረችው ሁለት በመቶ አንድ ኮረብታ ታተርፋለች።

መብራቱን አጠፋሁ። መጀመሪያ የታየው
የግልገል ጆሮ ነው፤ በካራ የሚለየው
የአክስቷ እጅ ነበር፤ አንድ ቅድ፣ ሁለት ጥርስ፣
ከቅድመ አያት የወረደ ፊርማ፣ በዝናብ የማይፈርስ።
ቀጥሎ የድንጋይ ሽበት፣ ከበረዶ ሥር ተፈልቅቆ፣
የአጋዘን የክረምት ቀለብ፣ በጣት ተጠንቅቆ።
አንድ ጣት ለመርዘም ዐሥር ዓመት ይፈጃል፤
ዶዘር በአንድ ጠዋት ጠራርጎት ይሄዳል።

ጠበቃው ሰዓቱን አየ።

ያን ጊዜ ነው ምስሉ የተገለበጠው፤
ሪስተን አዳልጧት ስልኩን የጣለችው፣
ሳታውቅ የሄደችው።
በረዶው ውስጥ ወድቆ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ፣
ሰማይና ምድርን በጎን አስቀምጦ
ብቻውን ቀረጸ። ነፋስ። ምንም። ነፋስ።
ተበላሸ ብዬ ሽቦ ልነካ ስል፣
ከሩቅ፣ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ… የሚል፣
ደረቅ ጭራሮ በእጅ እንደሚሰበር።

ጋይሳ ቀና አለች።
አጋዘን ሲራመድ ጅማቱ ይጮኻል፤
አብሮት ያላደገ ከየት ያውቀዋል?
መጣ አንድ ሰኮና፣ ስንጥቅ፣ ሰፊ፣ ጥቁር፣
ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ በረዶ የሚቆፍር፤
ግድግዳውን ሞልቶ በላያችን ሲያልፍ
የፊት ወንበር ሰው ሁሉ እግሩን አለ እጥፍ።
ጋይሳ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትቆጥራለች፤
«ይቺ የእኔ ናት» አለች፣ «ይቺ የእኅቴ ነበረች፣
ይቺኛዋ… ታነክሳለች።»

አንዷ ቆም አለችና ከካሜራው ፊት ለፊት
ጠጠር የመሰለ ፍግ ዘረገፈችበት።
ከኋላ ሳቅ ፈላ።
ላም ባልዋለበት ኩበት እንደሌለ
ያውቃል ባላገር ሁሉ፤ ይኸው ግን አለ፣
ትኩስ፣ እየጨሰ፣ በነጩ ላይ ዋለ።

ባትሪው እዚያ ላይ ሞተ።
ጠበቃው ካርታውን ሊያጥፈው ታገለ፤
በመጣበት እጥፋት አልገባ አለ።
ሰብሳቢዋ፣ «ለመጋቢት» አለች፣ «ቀጠሮ።»
ቀጠሮ ፍርድ አይደለም። አባቴ ያውቀዋል፣
ለአንድ ማሳ ጥማድ ሦስት ጫማ ጨርሷል።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋይሳ ቀረች ኋላ።
«ድምፁን ብቻ» አለች፣ «ምስሉ ይቅር፤ ድገመው።»
ደገምኩት። ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።
በመጀመሪያው አልሰማሁም። በሁለተኛውም።
በሦስተኛው ክንዴን ያዝ አደረገች፤
ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…
እና አንዷ፣ ዘግየት ብላ፣
ቀጭ።